ኤች ኢንዴክሴ በሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ነው፤ የቱን ልጻፍ?

ጥያቄ፦ «በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ረዳት ፕሮፌሰር ነኝ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ፋይል እያዘጋጀሁ ነው። ኤች ኢንዴክሴ (ጽሑፎቼ በሌሎች የተጠቀሱበትን ብዛት የሚመዝነው ቁጥር) የምርምር ጽሑፎችን በሚመዘግቡ ሦስት ዳታቤዞች ይለያያል፤ ጎግል ስኮላር ላይ 24፣ ስኮፐስ ላይ 11፣ ዌብ ኦፍ ሳይንስ ላይ 8 ነው። ካሳተምኳቸው 30 ጽሑፎች ሁለቱ የግሎባል በርደን ኦፍ ዲዚዝ፣ ማለትም ብዙ ተመራማሪዎች በጋራ የሚሠሩት የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት፣ ናቸው። አብዛኛውን ሳይቴሽን (በሌሎች ጽሑፎች መጠቀስን) ያመጡልኝ እነሱ ናቸው፤ በእነሱ ምክንያት ከ600 በላይ ተባባሪ ደራሲ አለኝ። አንዱ ባልደረባዬ ‹ትልቁን ቁጥር ጻፍ› ይለኛል። ሌላው ‹ኮሚቴ የሚያምነው ስኮፐስን ብቻ ነው› ይላል። ትክክለኛው የቱ ነው? ዓለም አቀፍ ትብብሬንስ በምን ላሳይ?»

መልስ፦ ትክክለኛ የሚባል አንድ ቁጥር የለም። ኤች ኢንዴክስ ሰውን የሚለካ ይመስላል እንጂ የሚነግረን አንድ ዳታቤዝ በአንድ ቀን ስለ እርስዎ የሚያውቀውን ያህል ነው። ስለዚህ ምንጩና ቀኑ ያልተጻፈበት ኤች ኢንዴክስ ለኮሚቴ ምንም አይናገርም። «ትልቁን ጻፍ» የሚለው ምክር ስህተት ነው። «ስኮፐስ ብቻ» የሚለውም ቢሆን የዩኒቨርሲቲዎ የደረጃ ዕድገት መመሪያ እንደዚያ ካላለ ግምት ነው። መጀመሪያ መመሪያውን ያንብቡ። ምንጭ ከጠቀሰ በእሱ ይሂዱ። ካልጠቀሰ ደግሞ ከታች የምለውን ያድርጉ።

መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው በሳን ዲየጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆርሄ ሂርሽ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ጽሑፎችዎን ብዙ ከተጠቀሰው ጀምረው በተራ ይደረድራሉ። 11ኛው ጽሑፍ ቢያንስ 11 ጊዜ ተጠቅሶ 12ኛው ግን 12 ካልሞላ፣ ኤች ኢንዴክስዎ 11 ነው። ከዚህ የሚከተል፣ ብዙ ሰው ግን የሚስተው ነገር አለ። አንድ ጽሑፍ አሥር ሺህ ጊዜ ቢጠቀስ እንኳ ኤች ኢንዴክስን ከ1 በላይ ሊጨምር አይችልም። ሁለቱ የግሎባል በርደን ጽሑፎችዎ የጨመሩልዎ ቢበዛ 2 ነው። የ24 እና የ11 ልዩነት ከእነሱ አልመጣም። እነሱ የሚያዛቡት ሌላ ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ።

ልዩነቱን በከፊል የሚያመጣው የአሰባሰቡ መንገድ ነው። ጎግል ስኮላር ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ፕሪፕሪንት (በባለሙያ ገና ያልተገመገመ ጽሑፍ)፣ የድርጅት ሪፖርት፣ የኮንፈረንስ ጽሑፍ፣ ስኮፐስ ውስጥ የሌለ ጆርናል፣ ሁሉንም ይቆጥራል። ይህ ለእኛ አገር ተመራማሪ ጥቅም አለው። አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ብቻ የሚገኝ ጽሑፍ ሲጠቅስዎ የሚያየው እሱ ነው። ችግሩ ማንም አያጣራውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሪል ላቤ የተባለ የፈረንሳይ ተመራማሪ በኮምፒውተር ፕሮግራም የተቀነባበሩ 102 ትርጉም የለሽ ጽሑፎች አዘጋጀ። «አይክ አንትካሬ» የሚባል በእውን የሌለ የፈጠራ ሰው ስም ሰጣቸውና ኢንተርኔት ላይ ጫናቸው። የዚያ ሰው ኤች ኢንዴክስ 94 ደረሰ። ላቤ ይህን ያደረገው ቆጠራው ምን ያህል በቀላሉ እንደሚታለል ለማሳየት ነው። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ በአንጻሩ የሚቆጥሩት መርጠው ከመዘገቧቸው ጆርናሎች ብቻ ነው። የዌብ ኦፍ ሳይንስ ወንፊት ይበልጥ ጠባብ ነው። በብዙ ተመራማሪዎች ዘንድ ቁጥሩ ከጎግል ወደ ስኮፐስ፣ ከስኮፐስ ወደ ዌብ ኦፍ ሳይንስ እየቀነሰ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ነገር ግን ከ24 ወደ 11 መውረድ ብዙ ነው። የእርስዎን ፋይል ባላየውም የምጠረጥረው ስምዎን ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና።

ዳታቤዞቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። እኛ ደግሞ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው ያለን። እንበልና አበበ ከበደ በአባቱ ስም ብቻ ቢያሳትም የሕክምና ጽሑፎች ዳታቤዝ የሆነው ፐብሜድ «ከበደ ኤ» ብሎ ይመዘግበዋል። በሚቀጥለው ጽሑፍ ጆርናሉ የአያት ስም ጠይቆት አበበ ከበደ ቶላ ብሎ ከሞላ «ቶላ ኤ ኬ» ይሆናል። ለማሽኑ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። በዚያ ላይ የላቲን አጻጻፉ አለ። ኃይለማርያም አንዴ ተያይዞ፣ አንዴ ተነጣጥሎ፣ አንዴ በሰረዝ ይጻፋል። ተነጣጥሎ ሲጻፍ «ማርያም» ብቻውን የቤተሰብ ስም ሆኖ ቁጭ ይላል። ፀጋዬ የሚለው ስም በስንት ዓይነት የላቲን ፊደል እንደሚጻፍ እርስዎም ያውቁታል። ወደ አሜሪካ የሄዱ ሐኪሞች ደግሞ የስደት ወረቀታቸው ላይ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቦባቸው፣ ጎንደር ወይም ጅማ ሳሉ ያሳተሙት ከአዲሱ ስማቸው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

ይህ ሲሆን ስኮፐስ ላይ ሁለትና ሦስት ፕሮፋይል ይከፈትልዎታል። እርስዎ የሚያዩት ትልቁን ብቻ ነው። ቀሪዎቹ ጽሑፎች ሌላ ቦታ ተቀምጠዋል። ጎግል ስኮላር ላይ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። «ከበደ ኤ» የሚባሉ ብዙ ሰዎች ስላሉ፣ ጽሑፍ በራሱ ጊዜ እንዲጨምር ከፈቀዱለት የሌላውን ሥራ ወደ እርስዎ ገጽ ያመጣል። ስለዚህ 24ቱ የሌላ ሰው ሥራ ገብቶበት፣ 11ዱም የእርስዎ ሥራ ጎድሎበት ሊሆን ይችላል። የሌላ ሰው ጽሑፍ በገጽዎ ላይ መቀመጡን ኮሚቴው ካገኘው ደግሞ «ማሽኑ ነው ያመጣው» የሚለው መልስ አያድንዎትም። ገጹ በስምዎ ነው፤ ኃላፊነቱም የእርስዎ ነው።

የተቋም ስምም እንዲሁ ነው። ጥቁር አንበሳ የሚሠራ ሰው አንዴ የሆስፒታሉን ስም በአማርኛ አጠራሩ፣ አንዴ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፣ አንዴ የኮሌጁን ስም ብቻ ይጽፋል። አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና ደርባን ያለው የአፍሪካ ጤና ምርምር ኢንስቲትዩት የእንግሊዝኛ ምኅፃራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም «አህሪ» ናቸው። ምኅፃሩን ብቻ የሚጽፍ ሰው የትብብር ቆጠራ ላይ ደቡብ አፍሪካ ሊገኝ ይችላል።

መፍትሔው ኦርኪድ ነው። 16 አሃዝ ያለው፣ በነፃ የሚወጣ፣ ስም ቢቀየር የማይቀየር መለያ ነው። ሲመዘገቡ የቤተሰብ ስም መሙላት ግዴታ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ አንድ የላቲን አጻጻፍ ይምረጡና አይቀይሩት። የቀድሞዎቹን አጻጻፎች ሁሉ በ«ሌሎች ስሞች» ሥር ያስገቡ። ከዚያ 30ዎቹን ጽሑፎች አንድ በአንድ ያያይዙ። ስኮፐስ ላይ ደራሲን ፈልጎ ፕሮፋይል ማየትና የተበታተነውን አዋሕዱልኝ ብሎ መጠየቅ ክፍያ አያስፈልገውም። ጎግል ስኮላር ላይ ያለውን ራስዎ ያጽዱ፤ የእርስዎ ያልሆነውን ይሰርዙ፣ አዲስ ጽሑፍ ሲመጣም ሳይጠይቅ እንዳይጨምር ያድርጉ። ይህ ሳያልቅ ቁጥር ፋይል ውስጥ አያስገቡ።

አሁን ወደ ግሎባል በርደን ልመለስ። ይህ ጥናት በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያለው የጤና መለኪያዎችና ግምገማ ኢንስቲትዩት የሚመራው፣ ዋና ዋና ውጤቶቹን ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የሚያወጣ ግዙፍ ሥራ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ተሳትፈውበታል፤ የአገራችን የጤና መረጃ በዓለም ስሌት ውስጥ በትክክል እንዲገባ ማገዛቸው የሚያስመሰግን ነው። ሊያፍሩበት አይገባም። ግን ያ ሳይቴሽን የ600 ሰው ነው። ለአንድ ሰው ፋይል ሙሉ በሙሉ ሲቆጠር የሚሰጠው ሥዕል የተዛባ ይሆናል።

ምን ያህል እንደሚያዛባ ላሳይዎት። የስኮፐስ ባለቤት ኤልሰቪየር በዘርፍ የተመዘነ የሳይቴሽን መለኪያ አለው። አንድ ጽሑፍ በዓመቱ፣ በዘርፉና በዓይነቱ ካሉ ጽሑፎች አማካይ ጋር ይነጻጸራል። 1 ከሆነ የዓለም አማካይ ላይ ነው። እንበልና 28 ጽሑፎችዎ እያንዳንዳቸው 0.9 ናቸው፤ ሁለቱ ትልልቆቹ ደግሞ 90፣ 90። አማካዩ 6.8 ይወጣል። ኮሚቴው የሚያነበው «ይህ ሰው ከዓለም አማካይ ወደ ሰባት እጥፍ ይጠቀሳል» ብሎ ነው። እውነቱ ግን የራስዎ ሥራ የዓለም አማካይ አጠገብ መሆኑ ነው፤ ያ ደግሞ ከአንድ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ጥሩ ሥራ ነው። ሁለቱን ለይተው ቢያስቀምጡ የሚያኮራዎት ይታይ ነበር። የዌብ ኦፍ ሳይንስ ባለቤት ክላሪቬትም የከፍተኛ ተጠቃሽ ተመራማሪዎችን ዝርዝር ሲያወጣ ከ30 በላይ ደራሲ ያላቸውን ወይም በቡድን ስም የወጡትን ጽሑፎች ወደ ጎን ያደርጋል። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። አይደብቋቸው፤ ለብቻቸው ይቁጠሯቸው። አማካይ የሚጠቀሙ ከሆነም መካከለኛውን ዋጋ፣ ማለትም ሚዲያኑን፣ አብረው ይጻፉ።

የዩኒቨርሲቲዎ ቤተ መጻሕፍት የስኮፐስን የሚከፈልበት አገልግሎት ከሌለው አይጨነቁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት አይሳይት የሚባል ነፃ አገልግሎት አላቸው። የጽሑፎችዎን የፐብሜድ ቁጥር ያስገቡለታል፤ እሱ አንጻራዊ የሳይቴሽን ምጣኔ ያወጣልዎታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዚህ ምጣኔ 1 የዓለም አማካይ አይደለም። በእነዚያ ተቋማት ገንዘብ የተሠሩ ጽሑፎች መካከለኛ ነጥብ ነው፤ ያ ደግሞ ከፍ ያለ መስፈሪያ ነው። 0.7 ቢወጣልዎ «ከአማካይ በታች ነኝ» ብለው አይደንግጡ። ከምን ጋር እንደተነጻጸሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። አይሳይት ሌላም ደስ የሚል ነገር ያሳያል። ጽሑፍዎ በክሊኒካል ሙከራ ወይም በሕክምና መመሪያ ውስጥ ተጠቅሶ እንደሆነ ይነግርዎታል። ለሕክምና ተመራማሪ እኔ ከኤች ኢንዴክስ ይልቅ ይህን አስቀድማለሁ። ድክመቱ ፐብሜድ ውስጥ የሌለውን ጽሑፍ አለማየቱ ነው።

ከሌላ ዘርፍ ሰው ጋር በጥሬ ቁጥር አይወዳደሩ። የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መረጃ የሚተነትን ኤፒዲሚዮሎጂስት በዓመት ብዙ ጽሑፍ ሊያወጣ ይችላል። አንድ የአንገትና ጭንቅላት ቀዶ ሐኪም ግን ሕሙማኑን ለዓመታት ተከታትሎ አንድ ጽሑፍ ያወጣል። የሌሎችን ጥናቶች አሰባስበው የሚተነትኑት ሲስተማቲክ ሪቪውና ሜታ አናሊሲስም በተለምዶ ከመጀመሪያ ደረጃ ጥናት ይበልጥ ይጠቀሳሉ። በአገራችን እነዚህ በዝተዋል። ጥሩዎቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ገጠር ወርዶ መረጃ የሰበሰበውን ሰው ሥራ በሳይቴሽን ብዛት እንዲበልጡ መፍቀድ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ትብብርን በተመለከተ። «ከ600 በላይ ተባባሪ ደራሲ አለኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከፋይልዎ ያውጡት። 600 ደራሲ ያለው አንድ ጽሑፍ ብቻውን በደራሲዎቹ መካከል 179,700 የሁለት የሁለት ሰው ግንኙነት ይፈጥራል። አብዛኞቹ በስም እንኳ አይተዋወቁም። የትብብር ካርታ መሥራት ከፈለጉ ቪኦኤስቪውወር የሚባል በኔዘርላንድስ በላይደን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነፃ ሶፍትዌር አለ። ራሱ ሶፍትዌሩ ደራሲያቸው እጅግ የበዛ ጽሑፎችን እንዲያስወጡ ይጠይቅዎታል፤ እሺ ይበሉት። ሌላው አማራጭ ክፍልፋይ አቆጣጠር ነው። አራት ሆነው የጻፉት ጽሑፍ ለአንዱ ሩብ፣ 600 ሆነው የጻፉት አንድ ስድስት መቶኛ ይሆናል።

ከካርታ በላይ የሚናገረው ግን የተደጋገመ ሥራ ነው። ከአንድ ቡድን ጋር ሦስትና ከዚያ በላይ ጽሑፍ ካወጡ፣ የጋራ የምርምር ገንዘብ ካገኙ፣ ተማሪ አብረው ካማከሩ፣ ያ ትብብር ነው። ቀጥሎ የስምዎን ቦታ ይዩ። በሕክምና ጽሑፎች መጀመሪያ የሚቀመጠው በብዛት ሥራውን የሠራው፣ መጨረሻ የሚቀመጠው ደግሞ የመራው ነው። መረጃው ከኢትዮጵያ ተሰብስቦ ኢትዮጵያውያኑ ሁልጊዜ መሃል ላይ ከሆኑ፣ የዓለም አቀፍ ትብብር መቶኛው ከፍ ቢልም ሥራው በሌላ እጅ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የዓለም አቀፍ ትብብር ድርሻዎን ሲጽፉ ከነዚያ ውስጥ በስንቱ የመጀመሪያ፣ የመጨረሻ ወይም ተጠሪ ደራሲ እንደሆኑ አያይዘው ይጻፉ። ብዙ ጆርናሎች የእያንዳንዱን ደራሲ ድርሻ በ14 የተለዩ የሥራ ዓይነቶች ያሳትማሉ። ያንን ገልብጠው ያያይዙት። «ስሜን አስገባልኝ» ተብሎ የገባ ስም እዚያ ላይ ይጋለጣል፤ በእውነት የሠራም እዚያ ላይ ይታያል።

ብዙ የሚጠቀሱ ተመራማሪዎችን ስለሚያወጡ ዝርዝሮች አጭር ቃል። በጆን ዮአኒዲስ የሚመራው የስታንፎርድ ዝርዝር ከብዙዎቹ የተሻለ ነው። ከስኮፐስ ተነሥቶ ስድስት መለኪያዎችን ያጣምራል፣ ለብቻ፣ በመጀመሪያና በመጨረሻ ደራሲነት የተሠራውንም ለይቶ ያያል። ግን አንዱ የሙያ ዘመንን፣ ሌላው የአንድ ዓመትን የሚያሳዩ ሁለት ዝርዝሮች ናቸው። ካሉበት የትኛው እንደሆነ ይጻፉ። ሰዎች ራሳቸው በሚከፍቱት የጎግል ስኮላር ገጽ ላይ የሚመሠረቱ የደረጃ ሰንጠረዦችን ግን ከነጭራሹ አያስገቡ።

ቁጥር የማይደርስበት ነገርም አለ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ነው። በቀጣዩ ዓመት ግኝታቸውን የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ዛሬ በፐብሜድ ብትፈልጓቸው የሚገኙት «ለማ ኤ» ተብለው ነው፤ ከሌሎች ለማዎች ጋር ተደባልቀው። በስማቸው የተጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ያሠለጠኗቸው ሰዎች፣ ልብስ ማጠቢያ የነበረው ተክል የምርምር ርዕስ መሆኑ በየትኛውም ኤች ኢንዴክስ ውስጥ የለም። የእርስዎም ጥናት የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ውስጥ ገብቶ ወይም አንድ ሆስፒታል አሠራሩን ቀይሮበት ከሆነ፣ ሰነዱን ከነገጹ ያያይዙ። ሳይንቲስቶችና አሳታሚዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የመከሩበት የምርምር ግምገማ መግለጫም ጥሪው ይኸው ነው፤ ጽሑፉ በወጣበት ጆርናል ኢምፓክት ፋክተር (የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ በሚጠቀሱበት ብዛት) ሰውን አትመዝኑ፣ ሥራውን አንብቡ ይላል። የጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር የጆርናሉ ነው፤ በእርስዎ ሲቪ ውስጥ እንደ ግል ውጤት አይደመር።

ሁለት ነገር በፍጹም አያድርጉ። በቴሌግራም ሳይቴሽን እንሸጣለን የሚሉትን አይጠጉ፤ «ጥቀሰኝ ልጥቀስህ» የሚል ስምምነትም አይግቡ። ራስን መጥቀስ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ቀጣይ ሥራ ያለው ሁሉ ያደርገዋል። ስኮፐስ ግን ራስን መጥቀስን አውጥቶ ማሳየት ስለሚችል፣ ሁለቱንም ቁጥር ራስዎ ቀድመው ይጻፉ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ከተስተካከለ በኋላ የሚገኘውን የስኮፐስ ቁጥር ዋና ያድርጉ። የጎግል ስኮላሩን ከጎኑ ያስቀምጡ። የዌብ ኦፍ ሳይንሱን መመሪያው ካልጠየቀ ይተዉት። ፋይሉ ላይ የሚገባው አንቀጽ እንዲህ ዓይነት ቢሆን እመርጣለሁ፦ «30 ጽሑፎች፤ 28ቱ በራሴና በቅርብ ባልደረቦቼ የተሠሩ፣ ሁለቱ የዓለም አቀፍ ጥምረት ጽሑፎች ሲሆኑ ለብቻ ተቆጥረዋል። በ28ቱ ላይ ኤች ኢንዴክስ ይህን ያህል፣ ምንጭ ስኮፐስ፣ የታየበት ቀን ይህ። ከነዚህ በይህን ያህሉ የመጀመሪያ፣ በይህን ያህሉ የመጨረሻ ደራሲ ነኝ። የአንጻራዊ ሳይቴሽን ምጣኔዬ መካከለኛ ዋጋ ይህ ነው፣ ምንጭ አይሳይት። በተከታታይ አብሬያቸው የሠራኋቸው ቡድኖች እነዚህ ናቸው።» ከዚያ ቀጥሎ የሚኮሩባቸውን አምስት ጽሑፎች ይምረጡና እያንዳንዱ ምን እንደለወጠ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ይግለጹ።

ስኮፐስ የፕሮፋይል እርማትን በአንድ ቀን አይጨርስም። የማስገቢያው ቀን ከቀረበ ጥያቄውን ዛሬውኑ ይላኩ፣ የላኩበትን ማረጋገጫ ያስቀምጡ። እርማቱ ሳይደርስ ቀኑ ከደረሰ የተበታተኑትን ፕሮፋይሎች ገጽ አትመው የኦርኪድ ዝርዝርዎን ከላይ አድርገው ያስገቡ፤ ኤች ኢንዴክሱንም 28ቱን ጽሑፎች በኤክሴል ደርድረው በእጅ ይቁጠሩት።